ፕሮግራሙን ላቁም ወይስ መድኃኒቱን?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 54 ነው። ዓይነት 2 የስኳር በሽታና የደም ግፊት እንዳለብኝ ካወቅሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላሚድና ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት በኢንተርኔት የሚሰጥ የ12 ሳምንት የአኗኗር ለውጥ ፕሮግራም ጀመርኩ። ዱቄትና ጣፋጭ በጣም ቀንሻለሁ፣ በየቀኑ ጠዋት 45 ደቂቃ እራመዳለሁ፣ ክብደቴም በ4 ኪሎ ወርዷል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ረፋድ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰምጠኛል፣ ከተቀመጥኩበት ስነሣም ያዞረኛል። አንድ ቀን ስኳሬን ስለካ 58 አገኘሁ። ለአሠልጣኜ ስጽፍላት ‹ሰውነትሽ መርዙን እያስወጣ ነው፣ አይዞሽ በርቺ› አለችኝ። የሐኪም ቀጠሮዬ ገና ከሁለት ወር በኋላ ነው። ልጄ ፕሮግራሙን አቁሚ ትለኛለች፤ እኔ የማስበው መድኃኒቱን ስለማቆም ነው። የትኛው ይሻላል? ለመሆኑ እነዚህ ፕሮግራሞች በእርግጥ ይጠቅማሉ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፤ ሁለት ወርም አይጠብቁ። 58 ቀጠሮ እስኪደርስ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። የሚቀጥለውን የግሊቤንክላሚድ ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ለሚከታተልዎ ሐኪም ይደውሉ። ካላገኙት በቅርብ ወዳለ የጤና ተቋም ሄደው ለእኔ የጻፉትን ሁሉ እንዳለ ይንገሩ። ይህ ኪኒን መቀነስ ወይም መቆም እንዳለበት አልጠራጠርም። የትኛው ይሁን የሚለውን ግን የኩላሊትዎን ምርመራ ያየና የልኬት መዝገብዎን ያገላበጠ ሐኪም መወሰን አለበት።

መጀመሪያ «መርዝ» የሚባለውን ነገር ከመንገዳችን እናንሣ። ሰውነት የማይፈልገውን የሚያስወግደው በጉበትና በኩላሊት ነው፤ ይህንንም ሌት ተቀን ያደርገዋል፣ ፕሮግራም ተጀመረ አልተጀመረ። እጅ የሚያንቀጠቅጠው፣ ልብ የሚያስደልቀው፣ በላብ የሚያጠምቀው አድሬናሊን ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲወርድ ሰውነት የሚያሰማው የድረሱልኝ ጩኸት ነው። ሰሚ ካጣና ስኳሩ ከ54 በታች ከወረደ ተረኛው አንጎል ይሆናል፤ አንደበት ይተሳሰራል፣ ሐሳብ ይምታታል፣ ሰው ሲያየው የሰከረ ይመስላል፣ በመጨረሻም ራሱን ሊስት ይችላል። አሠልጣኝዎ ክፉ አስባ እንዳልሆነ አምናለሁ። ነገር ግን የማታውቀውን እንደምታውቅ አድርጋ መናገሯ ሕይወትዎን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ይህን ለማለስለስ ቃል አልፈልግም።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን እየጎተጎተ ኢንሱሊን የሚያስመነጭ መድኃኒት ነው። በሉ አልበሉ፣ ተራመዱ ተቀመጡ አይጠይቅም፤ አንዴ ከተዋጠ ሥራውን ይቀጥላል። የኪኒኑ መጠን የተወሰነው ደግሞ ከአምስት ሳምንት በፊት ለነበሩት ሴት ነው፤ ዱቄትና ጣፋጭ ይበሉ ለነበሩት፣ በ4 ኪሎ ይከብዱ ለነበሩት፣ ጠዋት ጠዋት ለማይራመዱት። አሁን ከምግብ ወደ ደም የሚገባው ስኳር ቀንሷል። ጡንቻዎ በእግር ጉዞው ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓታት ስኳር ይስባል። ኪኒኑ ብቻ የዱሮው ነው። መንቀጥቀጡ ረፋድ ላይ መምጣቱም በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ የጠዋቱ ኪኒን፣ የቀለለው ቁርስና የእግር ጉዞው የሚገናኙበት ሰዓት ነው። ሜትፎርሚን እዚህ ላይ ብዙም አይከሰስም። ዋና ሥራው ጉበት የሚለቀውን ስኳር መግታት ስለሆነ፣ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው።

ሲነሡ የሚያዞርዎ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ክብደት ሲቀንስ፣ ጨው ሲቀንስ፣ እንቅስቃሴ ሲጨምር የደም ግፊትም ይወርዳል። ዳሽ የተባለውና አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ ወተት የሚበዛበት አመጋገብ በ1997 በታተመው ጥናት የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ11 ገደማ አውርዷል። ይህ አንድ የግፊት ኪኒን ከሚያወርደው የሚያንስ አይደለም። እርስዎ ደግሞ ኢናላፕሪሉንም በዱሮው መጠን እየወሰዱ ነው። ሁለቱን ምክንያቶች ለመለየት ሲያዞርዎ ወዲያው ስኳርዎን ይለኩ። ስኳሩ ደህና ከሆነ አምስት ደቂቃ ጋደም ብለው ግፊትዎን ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በመጀመሪያውና በሦስተኛው ደቂቃ ይድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ኢናላፕሪሉም እንደገና መታየት አለበት ማለት ነው።

መድኃኒቱ እስኪስተካከል ድረስ ስኳርዎ ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይውሰዱ፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ግማሽ ብርጭቆ የፍራፍሬ ጭማቂ ይበቃል። ቸኮሌትና ኬክ ለዚህ አይሆኑም፤ ቅባታቸው ስኳሩን ያዘገየዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ። ስኳሩ ሲስተካከል ምግብ ይብሉ፤ ግሊቤንክላሚድ በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ የወጣው ስኳር ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ባዶ ሆድዎን አይራመዱ፤ ከመውጣትዎ በፊት ይለኩ። መንቀጥቀጡ ሳይቆም መኪና አይንዱ።

ልጅዎ ፕሮግራሙን አቁሚ ማለቷ ከፍርሃት የመነጨ ነውና አልወቅሳትም፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም። በዚህ ደረጃ የታመሙት ፕሮግራሙ ስለሠራ ነው። የአኗኗር ለውጥ እንደማንኛውም መድኃኒት መጠንና ውጤት አለው፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝም ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በብዙዎች ዘንድ የማየው ትልቁ ስሕተት ይህን አለማወቅ ነው። «ምግብና እርምጃ ምን ይጎዳል?» ይባላል። ምግብና እርምጃ ብቻውን አይደለም የጎዳዎት፤ ማንም ሳያስተካክለው በቆየ የሐኪም ትእዛዝ ላይ መደረቡ ነው።

ፕሮግራሞቹ ይጠቅማሉ ወይ ለሚለው፣ መነሻቸውን ማወቅ ይረዳል። አብዛኞቹ የተቀዱት በአሜሪካ በ27 ማዕከላት ከተካሄደውና በ2002 ከታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ነው። 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ሁሉም ለስኳር በሽታ የተቃረቡ እንጂ ገና ያልታመሙ ነበሩ። አንደኛው ቡድን ክብደቱን በ7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። ሦስት ዓመት ገደማ በፈጀ ክትትል በዚህ ቡድን በስኳር በሽታ የመያዝ መጠን በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን በወሰደው ቡድን ግን በ31 በመቶ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ፕሮግራም የሚሸጡም በየማስታወቂያቸው ያነሡታል። የማያነሡት ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ በስም የሚያውቀው የራሱ አማካሪ እንደነበረው፣ 16ቱንም ትምህርት ከዚያ ሰው ጋር ፊት ለፊት እንደተማረ ነው። ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ተሻገረ፤ አማካሪው ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አልተሻገረም።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በ2003 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት በደንብ አሳይቷል። ለስኳር በሽታ የተጋለጡ 92 ሰዎች ለአንድ ዓመት ክብደት ለመቀነስ የሚረዳ የኢንተርኔት ፕሮግራም ተሰጣቸው። ከእነርሱ ግማሾቹ በተጨማሪ ለአንድ አማካሪ በኢሜይል እየጻፉ ምላሽ ያገኙ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ፕሮግራሙን ብቻ ያገኙት በአማካይ 2 ኪሎ፣ አማካሪ የነበራቸው 4.4 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱን ያመጣው ከወዲያ በኩል አንብቦ የሚመልስ ሰው መኖሩ ነው። ሰው የሌለበት ፕሮግራም የሚገጥመውንም ጉንተር አይዘንባህ የተባለው ተመራማሪ በ2005 በጻፈው ጽሑፍ አሳይቷል፤ በኢንተርኔት የሚሰጡ የጤና ፕሮግራሞች ዋና መለያቸው ተሳታፊው እየተንጠባጠበ መቅረቱ ነው፤ እንዲያውም «ሕግ» ብሎታል። ስለዚህ የስኬት ታሪክ ሲያነቡ የሚያነቡት እስከ መጨረሻ የዘለቁትን ሰዎች ታሪክ መሆኑን አይርሱ።

«መድኃኒት አቁሙ» የሚለው ስብከት የተገኘው ደግሞ በአብዛኛው ከሌላ ጥናት ነው። ዳይሬክት የተባለውና በብሪታንያ የተካሄደው ይህ ጥናት በ2017 ሲታተም፣ ክብደት የመቀነሱን መርሐ ግብር ከተከተሉት ሕሙማን 46 በመቶው በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ ደረጃ በታች ሆኖ ተገኝቷል። በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ 36 በመቶ ወረደ። ይህ እውነተኛ ተስፋ ነው፤ እኔም ለሕሙማኔ በደስታ እነግራለሁ። ዝርዝሩ ግን እንዲህ ነው። የተመረጡት በሽታው ከታወቀባቸው ከስድስት ዓመት ያልበለጠና ኢንሱሊን የማይወስዱ ነበሩ። በቀን ከ825 እስከ 853 ካሎሪ ብቻ የሚሰጥ ፈሳሽ ምግብ ለ3 እስከ 5 ወር ወሰዱ። የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸው በመጀመሪያው ቀን የቆመው በሕክምና ቡድኑ ትእዛዝና ክትትል ነው፤ ማንም ቤቱ ተቀምጦ ኪኒኑን አልጣለም። እርስዎ አምስት ዓመት ላይ ነዎት፤ በሩ አልተዘጋብዎትም። ግን የሚገባበት ይህ ነው።

ያንን ደረጃ የሚያመለክተው ቃልም መርገብ ነው። በ2021 በባለሙያዎች ስምምነት በተቀመጠው ትርጉም መሠረት፣ የስኳር መድኃኒት ከቆመ ቢያንስ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ የሦስት ወሩን የስኳር ሁኔታ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ከ6.5 በመቶ በታች ሲሆን በሽታው ረገበ ይባላል። ክብደት ሲመለስ ይመለሳል፤ ስለዚህ የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ምርመራው አይቋረጥም። «በ12 ሳምንት ፈውስ» የሚል ፕሮግራም ካዩ ራሱን አጋልጧልና ይለፉት።

ሌላም ወሰን አለ። ሉክ አሔድ በተባለው ጥናት 5,145 ዓይነት 2 የስኳር ሕመምተኞች ለአሥር ዓመት ገደማ ተከታትለዋል። ጠንካራ የአኗኗር ለውጥ ያደረጉት ክብደታቸው ቀነሰ፣ ስኳራቸው ተሻለ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አነሰ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ቀለለላቸው። የልብ ድካምና የአንጎል ምት ግን ከሌላው ቡድን ሲነጻጸር አልቀነሰም፤ ጥናቱም በዚህ ምክንያት በ2012 እንዲቆም ተደረገ። እንግዲህ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት በአኗኗር ለውጥ የሚተካ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ውጤት ቆም ብሎ ያስብበት። ስኳር ማማር ማለት ልብ ተጠብቋል ማለት አይደለም።

አሁን ፕሮግራሙ ሳይነግርዎ ሊያልፍ ስለሚችለው ልናገር። ኢናላፕሪል ስለሚወስዱ በመጀመሪያ የጨው መተኪያ የሚባለውን ይጠንቀቁ። «ጨው ተዉ፣ ይህን ተጠቀሙ» ተብሎ የሚመከረው ብዙው ፖታሲየም ነው። ኢናላፕሪል ፖታሲየም ከሰውነት በደንብ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ በተለይ ኩላሊት የተዳከመ እንደሆነ የተከማቸው ፖታሲየም የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የምትወስዱ ከሆነ ዱቄትንና ስኳርን ጨርሶ የሚያስቀር አመጋገብ ያለ ሐኪም አትጀምሩ። ስኳር ብዙ ሳይጨምር ደም በአሲድ ሊመረዝ ይችላል፤ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ መፍጠን ምልክቶቹ ናቸው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠላ ቅጠል በድንገት ሲያበዛ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል። ኢንሱሊን የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና በስኳር ምክንያት ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት መመርመር አለባቸው።

እግርን ለብቻው የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገብተው ገና ሳይቀመጡ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። የእርምጃ መቁጠሪያው በቀን 11,000 ያሳያል፤ ለሦስት ሳምንት አንድም ቀን አልጎደለም። ደስ አለን፣ ሁለታችንም። ከዚያ እንደ ልማዴ ጫማቸውን እንዲያወልቁ ጠየቅኋቸው። የቀኝ እግር ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ሥር ደርቆ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ሲላቀቅ ከሥሩ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል ወጣ፤ ጠርዙ ነጥቷል፣ ይሸታልም። «አላመመኝም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ስኳር የእግራቸውን ነርቭ ካደነዘዘው ቆይቷል፤ አዲሱ ጫማ ሲፈገፍጋቸው የሚነግራቸው አልነበረም። ቁስሉ ሊድን አራት ወር ፈጀ። ያ ፕሮግራም እርምጃቸውን በየቀኑ ሲቆጥር አንድም ቀን እግርዎን አይተዋል ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም። እርስዎም በየማታው የእግርዎን መርገጫና በጣቶችዎ መካከል በመስተዋት ይዩ፤ ከማየት አቅም በላይ ከሆነ ልጅዎ ትይልዎ።

አንድን ፕሮግራም ስመዝን መጀመሪያ የማየው የመመዝገቢያ ቅጹን ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት በስምና በመጠን ካልጠየቀ ሥር የሰደደ በሽታ ላለበት ሰው አልተሠራም፤ ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢያምር። ቀጥዬ የማየው 58 ሲመዘገብ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ጥሩ ፕሮግራም ውስጥ ቁጥሩን የሚያይና በዚያው ቀን የሚደውል የጤና ባለሙያ አለ፤ ለሚከታተልዎ ሐኪምም ሪፖርት ይልካል። ከዚህ ዝቅ የሚለው የሚጽፍልዎ አሠልጣኝ ያለበት ነው። ይህም ይረዳል፤ ሥልጠናው ምን እንደሆነና «ይህ ከእኔ በላይ ነው፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» ለማለት የሚደፍር መሆኑ ግን መታወቅ አለበት። ቪዲዮና ራሱ የሚቆጥር መተግበሪያ ብቻ ከሆነ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ይዩት፤ መጽሐፍ ይጠቅማል፣ አይከታተልም። ትምህርቱን እየሰጠ በጎን የሚዋጥ ዱቄት የሚሸጥ ከሆነ ግን ገንዘብዎን ይያዙ። አሥራ ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ምን እንደሚከተልም አስቀድመው ይጠይቁ፤ የቀነሰ ክብደት የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ክትትሉ ሲቋረጥ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። አመጋገቡን ይቀጥሉ። የእግር ጉዞውን መድኃኒቱ እስኪስተካከል ከምግብ በኋላ ያድርጉትና ወደ 20 ደቂቃ ያሳጥሩት፤ ፈጣን ስኳር ከኪስዎ አይለይ። ለሐኪምዎ ያለፉትን አምስት ሳምንታት በአንድ ገጽ ይዘው ይቅረቡ፦ ቀንና ሰዓት፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የተወሰደ መድኃኒት፣ የእግር ጉዞ፣ የተሰማዎ ነገር። አንድ ሐኪም ይህን ገጽ ይዞ በአምስት ደቂቃ የሚወስነውን ያለ ገጹ በግማሽ ሰዓትም አይወስነውም። «ፕሮግራም ጀምሬ መድኃኒቱ በዛብኝ» ብለው ይጀምሩ። ሐኪሞች የአኗኗር ለውጥን ይጠላሉ የሚል ወሬ በነዚህ ፕሮግራሞች ዙሪያ በብዛት ይሰማል፤ በሙያዬ ዘመን ኪኒን ከመቀነስ በላይ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ትእዛዝ ጥቂት ነው። ለአሠልጣኝዎም የሆነውን ይጻፉላት። ሐኪሙ የሚለውን ለመስማት ፈቃደኛ ከሆነች አብረው ይቀጥሉ፤ አሁንም ስለ መርዝ ካወራች ሌላ ፕሮግራም ይፈልጉ።

አዲሱ መጠን ከተወሰነ በኋላ ለሁለት ሳምንት ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ረፋድ ላይና ማታ ይለኩ። ሁለት ጊዜ ከ70 በታች ካዩ እንደገና ይደውሉ፤ በተደጋጋሚ ከ250 በላይ ከሆነም እንዲሁ። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሲሞላ ኤችቢኤዋንሲ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ያሠሩ፤ ለሦስት ወር የለፉበት ነገር የሚነበበው ያኔ ነው።

ለልጅዎ ደግሞ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ያሳዩአት። አንደኛው የስኳር መለኪያውን አጠቃቀም ነው። ሁለተኛው፣ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ስኳሩን በውኃ በጥብጣ እንድትሰጥዎ፣ ራስዎን ከሳቱ ግን በአፍዎ ምንም ሳታደርግ በጎንዎ አስተኝታ የድንገተኛ እርዳታ እንድትጠራ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን በወረቀት ጽፈው እርሷ የምታገኘው ቦታ ያስቀምጡላት።